«ኮንታክት» የሚባለው ሰውዬ መቼ ነው የሚያዘው?

በአገራችን አንድ የማይያዝ ወንጀለኛ አለ። ሱቅ ያቃጥላል፣ መጋዘን ያወድማል፣ የደኻ ጎጆ አመድ ያደርጋል። ፖሊስ ስሙን ያውቀዋል፤ እሳት አደጋ ያውቀዋል፤ ቀበሌው ያውቀዋል፤ ሬዲዮኑም በየጊዜው ይጠራዋል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጠየቅ ያየው ሰው ግን የለም። ይኼ ሰውዬ «ኮንታክት» ይባላል። «የቃጠሎው መንስኤ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ሆኖ ተገኝቷል» ይባላል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ ሐዘንተኛውም ወደ አመዱ ይመለሳል። አባቱ ማን ነው? ማን አሳደገው? በየትኛው በር ገባ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔም ብሆን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለች ተቀብዬ አትሜያታለሁ። ዛሬ ግን የሰውየውን አድራሻ ያገኘሁ ይመስለኛል። ያገኘሁት ደግሞ አዲስ አበባ አይደለም፤ ጉንችሬ ነው።

ባለፈው መስቀል እንደማንኛውም የጉራጌ ልጅ አገሬ ገባሁ። መቼም መስቀል ሲደርስ መርካቶ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወልቂጤን አልፎ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ በመኪና ይሞላል። ድሮ ወደ አገር ቤት የሚጫነው ጨው፣ ሳሙናና ጋቢ ነበር። ዛሬ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማራዘሚያና ጥቅል ሽቦ ታያላችሁ። መብራት የገባለት አገር ነዋ! እሰየው ነው። ለመብራት ያልጸለየ ማን አለ?

የአጎቴ ቤት ጀፎረው ዳር ከቆሙት ትላልቅ የሣር ጎጆዎች አንዱ ነው። ጣሪያው ከውስጥ ሲያዩት እንደ ሰፌድ ተሰፍቶ የተሠራ ይመስላል። የስንት ዓመት የምድጃ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ደርቋል፤ ክብሪት በሉት። ሽቦው የተዘረጋው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ ተቀጥሎ ይመጣል፣ በበሩ አናት ይገባል፣ በማገሩ ላይ እየተጠማዘዘ እስከ መሐል ምሰሶው ይሄዳል። የታሰረበት ገመድ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቃጫ! ያው የጓሮው እንሰት ቃጫ። ሣር ላይ ቃጫ፣ ቃጫ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ውስጥ 220 ቮልት።

ሴቶቹ ለበዓሉ ቆጮ እየጋገሩ ነበርና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ተሰክቷል። እጄን ሰድጄ ሽቦውን ብነካው ሞቋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ሽቦ እኮ ግሏል» አልኳቸው።

«ምን ነካህ ልጄ! እሳት ተሸክሞ የሚሄድ ነገር አይሙቅ?» አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሒሳቡን በልቤ መሥራት ጀመርኩ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 14 አምፒርና ከዚያ በላይ ነው። ይኼ ሁሉ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። ተራው የፒቪሲ ልባስ ደግሞ የተሠራው ውስጡ ያለው መዳብ እስከ 70 ዲግሪ ቢሞቅ እንዲችል ነው። ከዚያ ካለፈ ይላላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ሽቦዎች ራቁታቸውን ሲገናኙ ያ ሰውዬ ይወለዳል።

«ሽቦውን ከየት ገዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከመርካቶ ነዋ! ነጋዴው ራሱ የኛው ልጅ ነው። ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ። ቀለማቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውም አንድ። አንደኛው ረከስ ይላል። ያው ከሆነ ለምን ብዬ ነው ጨምሬ የምከፍለው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አንባቢዬም አስቡት፤ እናንተስ አላችሁ? አጎቴ ሞኝ አይደሉም። በሬ ሲገዙ ጥርሱን አይተው ነው፤ እንሰት ሲቆርጡም ዕድሜውን በዓይን የሚለዩ ሰው ናቸው። ሽቦ ግን ጥርስ የለውም። ጥርሱን አይቶ «ይኼ ይገባል፣ ይኼ አይገባም» ማለት የነበረበት ሌላ አካል ነው። ወደዚያ አካል እመጣለሁ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት የሚተዳደረውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ወደ ጀፎረው ወጣሁ። ከቦርሳው ሦስት ቁራጭ ሽቦ አወጣ፤ እያንዳንዱ ስንዝር ታህል ነች። አንዱ ከአጎቴ ሽቦ የተረፈው፣ ሁለተኛው ደኅና የሚባለው የፒቪሲ ሽቦ፣ ሦስተኛው ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ነበር። ጧፍ ለኮስን።

የአጎቴ ሽቦ ገና ጧፉ ሲነካው ተያያዘ። ጧፉን ብናርቀው ራሱ ጧፍ ሆኖ ቀጠለ። ላስቲኩ እየቀለጠ፣ እየነደደ ጠብ ጠብ አለ፤ አንዷ ጠብታ ደረቅ ሣር ላይ ወርዳ ሣሩን አቀጣጠለችው። በጫማዬ ረገጥኩት። ሁለተኛው ነደደ፣ ጧፉ ሲርቅ ግን ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። የለቀቀው ጥቁር ጭስ ጉሮሮአችንን እንደ በርበሬ ፋቀው፤ ሜዳ ላይ ሆነን ስንስል ልጆች ሳቁብን። ሦስተኛው በግድ ተያዘ፣ ጧፉ ሲነሳም ወዲያው ጠፋ። ጭሱ ስስ ነው፤ ነጣ ያለ አመድ ሽቦውን እንደ ቅርፊት ሸፍኖት ቀረ። (እናንተ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ! ጭሱ መርዝ ነው።)

አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው ሁሉንም አይተዋል። «እንግዲህ እኔ የገዛሁት ሽቦ ሳይሆን ጧፍ ነው በለኛ!» አሉና ዝም አሉ። ያን ዝምታ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።

አሁን ጉዳዩን እንፍታው። የመጀመሪያው ልባስ ፖሊኢትሊን የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአማርኛ ስናስቀምጠው የፌስታል ዘመድ። ከነዳጅ የተገኘ ስለሆነ ምንም ካልተቀላቀለበት እንደ ሰም ይቀልጣል፣ እንደ ሰም ይነዳል።

ሁለተኛው ፒቪሲ ነው። በቤታችን የተዘረጋው አብዛኛው ሽቦ ልባሱ ይኼ ነው። ንጹሕ ፒቪሲ ሲመዘን ከመቶው 57 እጁ ክሎሪን ነው፤ በበረኪና የምናውቀው ክሎሪን። ይኼ ክሎሪን ነበልባልን ያፍናል፤ ስለዚህ ፒቪሲ በቀላሉ አይነድም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ንጹሑ ፒቪሲ ደረቅ ነው፣ እንደ ውሃ ቱቦ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሽቦ ላይ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርበታል፤ ዘይቱ ደግሞ ይነዳል። ብልሃተኛው አምራች ይኼን ለማካካስ እሳት መከላከያ ይጨምራል፤ ስግብግቡ ይቀንሳል። በዓይን አይለይም።

ከሁሉ የሚከፋው ጭሱ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይኼ ጋዝ የዓይናችንንና የጉሮሮአችንን እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ በጨጓራችን ውስጥ ያለው ያው አሲድ። ጨጓራ የተፈጠረው አሲዱን እንዲችል ሆኖ ነው፤ ሳንባ ግን አልተፈጠረለትም። በቤት ቃጠሎ አብዛኛው ሰው የሚሞተው ነበልባል በልቶት እንዳይመስላችሁ። ጭሱ ነው የሚቀድመው። ሰውየው በሩን ፈልጎ ሳያገኝ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ደረጃው ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛውስ? የሦስተኛው ነገር ነው ያስገረመኝ። በውስጡ ክሎሪን የለም፣ ብሮሚንም የለም። ልባሱ ውስጥ ከመቶው 60 እጅ ያህል ነጭ ዱቄት ተቀላቅሎበታል፤ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጠጥታችሁታል። ጨጓራው ለሚያቃጥለው ሰው ፋርማሲው የሚሰጠው ነጭ ፈሳሽ ከነዚሁ ከሁለቱ ነው የሚሠራው። የሰውን ጨጓራ የሚያበርደው ዱቄት ሽቦንም ያበርዳል ማለት ነው!

እንዴት? ይኼ ዱቄት በጉያው ውሃ ይዟል። አሉሚኒየሙ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ ማግኒዚየሙ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የያዘውን ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ከመቶ ኪሎ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 34 ኪሎ ውሃ፣ ከማግኒዚየሙ 31 ኪሎ ያህል ይወጣል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል፤ እንፋሎቱ የሚነደውን ጋዝ ያሳሳዋል፤ የቀረው አመድ ደግሞ ልባሱን እንደ ቅርፊት ይጋርደዋል። እሳት አደጋ ሳይጠራ የራሱን ውሃ ይዞ የሚጠብቅ ሽቦ ብትሉት ያስኬዳል።

እስቲ ይኼን ከጉንችሬና ከወልቂጤ አንጻር አስቡት። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ሕዝብ «ውሃ ጠማን» ብሎ አደባባይ ቢወጣ ጥይት ተተኮሰበት፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ለመጠጥ ውሃ የሚሞትበት አገር ለእሳት ማጥፊያ ከየት ያመጣል? ጎጆ ሲነድ ጎረቤት በእንስራ የሚደርሰው ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ አገር ነው የራሱን ውሃ የያዘ ሽቦ የሚያስፈልገው። የኛ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሦስተኛው ሽቦ ለትልቁ ሕንፃ፣ የመጀመሪያው ለሣር ጎጆ!

«እሳት መከላከያ የተጨመረበት» የተባለ ሁሉ ደግሞ ደኅና እንዳይመስላችሁ። እዚህ ላይ ዓለም በራሱ ላይ የሠራውን ስሕተት እንማርበት። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ፋብሪካዎች ፕላስቲክ እንዳይነድ ብሮሚን ያለባቸውን ኬሚካሎች ሲጨምሩ ኖሩ። እሳቱን አዘገዩት፤ እነሱ ግን ከላስቲኩ እየወጡ በቤት አቧራ፣ በዓሣ ሥጋ፣ በእናት ጡት ወተት ሳይቀር ተገኙ። አይበሰብሱም፣ አይጠፉም። ስለዚህ የስቶክሆልም ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል አንድ በአንድ እየጠራ ከለከላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱ የብሮሚን ዘሮች ተመዘገቡ፤ በ2017 ዴካ የሚባለው ወንድማቸው፣ በፒቪሲ ሽቦ ውስጥ ማለስለሻም መከላከያም ሆኖ ከሚገባው አጭር ሰንሰለት ክሎሪን ፓራፊን ጋር ተከተለ። በ2023 ለሽቦ ልባስ የሚውለው ዴክሎሬን ፕላስ፣ በ2025 ደግሞ መካከለኛው ክሎሪን ፓራፊን ገባ። ኢትዮጵያ የዚህ ውል አባል የሆነችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ፈርመናል። ፊርማችን ግን ጥቅል ሽቦ ከኮንቴይነር ሲራገፍ ወደብ ላይ ቆሞ አይፈትሽልንም።

እርሳስም አለ። ፒቪሲው በሙቀት እንዳይበላሽ ድሮ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። የአውሮፓ አምራቾች እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጨረሻ ከፒቪሲያቸው አስወጥተውታል። አሮጌ ሽቦ ሰብስቦ መዳቡን ለማውጣት ሜዳ ላይ የሚያቃጥል ልጅ ይኼን ሁሉ ይተነፍሳል፤ እርሳሱን፣ አሲዱን፣ ከዚያም አልፎ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ። ለአንዲት ኪሎ መዳብ ሳንባውን ይሸጣል። ስለዚህ ሽቦ የምንመርጠው ለተዘረጋበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ቆራሌው ለሚወስድበት ቀንም ጭምር ነው።

«አዘጋጁ ደግሞ ዛሬ ኬሚስት ሆነብን» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ የፖለቲካ ጉዳይ ነው ወገኖቼ! እሳት የሚነሳበትን ሽቦ ማን እንዲሸጥ እንደተፈቀደለት መጠየቅ ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ፖለቲካ አለ?

ነገሩ ባለሥልጣናትን ማስደንገጥ የነበረበት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1975 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በተባለ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ አንድ ሠራተኛ አየር የሚያፈስ ቀዳዳ ለመፈለግ ሻማ ለኮሰ። እንደኛው ጧፍ በሉት። ሻማው ቀዳዳው የተደፈነበትን ስፖንጅ አቀጣጠለ፤ ስፖንጁ ሽቦዎቹን አቀጣጠለ። እሳቱ ለሰባት ሰዓት ያህል ሽቦ ለሽቦ እየተሳበ ከ1,600 በላይ ኬብሎችን አበላሸ። እነሱ «ኮንታክት ነው» ብለው ፋይል አልዘጉም። ኬብል እሳትን ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግር እንደሆነ የሚፈተንበትን መንገድ አጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ ኪንግስ ክሮስ በተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ 31 ሰው በቃጠሎ ሞተ። ዛሬ በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች የሚፈለገው ጭሱ አነስተኛ የሆነ፣ ክሎሪንም ብሮሚንም የሌለበት ኬብል ነው። ሰው የሞተበት ነገር ደንብ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ነገር ዜና ሆኖ ይቀራል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ንብረታችሁ የተቃጠለም ትኖራላችሁ። የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት ጭስ ሆነ። እኔ ዛሬ የማነሳው ያንን እሳት ማን ለኮሰው የሚለውን አይደለም። እሳት ከየትም ይነሳ፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ በጣሪያ ሥር፣ በግድግዳ ውስጥ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ የተዘረጋው ሽቦ መንገድ ይሆነዋል ወይስ ይዘጋበታል? ጥያቄዬ ይኼ ነው። ስምንት ሱቅ ከአንድ ቆጣሪ የሚጠባበትን ተራ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

መንግሥት ይኼን ሲሰማ «ደረጃ አለን» ይለናል። አላችሁ፤ አልካድንም። የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገዳጅ ደረጃ ከወጣላቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። የስታንዳርድ ኢንስቲትዩት አለ፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፣ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር አለ፣ ጉምሩክ አለ። መሥሪያ ቤት ሞልቶናል! ታዲያ የአጎቴ ጧፍ በየትኛው መሥሪያ ቤት በር በኩል ነው ያለፈው? በተጨማሪም የተለመደው የቤት ሽቦ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ነጠላ ሽቦ ነበልባል ሲነካት ራሷን ታጠፋለች ወይ? ብሎ። ሽቦዎች በጅምላ ታስረው ሲሄዱ ምን ይሆናል? ጭሱ ምን ያህል ያጨልማል? ጋዙ ምን ያህል አሲድ ነው? ለነዚህ ሁሉ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ፈተና አላቸው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሕንፃ ውስጥ የሚገባ ኬብል በእሳት ጠባዩ ተመድቦ ምልክት ካልተደረገበት አይሸጥም ብላለች። እኛ ዘንድ በዓመቱ የሚቆጠረው ስንት ኪሎ ሜትር መስመር እንደተዘረጋ ነው፤ ምን ዓይነት መስመር ብሎ የሚቆጥር የለም።

እንዲያውም ዘመኑ የመብራት ዘመን ነው። በኮሪደር ልማቱ ሕንፃው ሁሉ ከታች እስከ ላይ አምፖል ለብሷል፤ ማታ ማታ ሲበራ ሙሽራ ይመስላል። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን አንድ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ «ይኼ ሁሉ መብራት የተሰቀለበት ሽቦ ልባሱ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሚታየው ብርሃኑ ነው፤ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ነው። የኛ አስተዳደር ደግሞ ግድግዳ ውስጥ ያለ ነገር አይወድም፤ ፎቶ አይነሳማ!

ለወገኖቼ ለነጋዴዎቹም አንድ ቃል አለኝ። እኔ ከናንተው ወገን ነኝና ልቆጣ መብት አለኝ። መንግሥት ሳይሠራልን መንገድ ያወጣን፣ ከኪሳችን አዋጥተን ትምህርት ቤት የሠራን ሕዝብ ነን። በ1950ዎቹ አባቶቻችን ከመርካቶ በተሰበሰበ ገንዘብ ጉራጌ አገር ድረስ መንገድ ሲቀዱ ያኔ ማንም አላዘዛቸውም። እነዚያ አባቶች የሠሩትን መንገድ ይዘን ዛሬ ምን እያጓጓዝንበት ነው? የገዛ እናታችን ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ጧፍ! «ደንበኛው ርካሽ ጠየቀ፣ ሰጠሁት» ማለት አያድንም። ደንበኛው የጠየቀው ሽቦ ነው፤ ሽቦና ጧፍ መለየት የናንተ ሙያ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ከሚያምን ሰው ጋር መነገድና ላዩ ላይ የውሸት መጻፍ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

በመጨረሻ «አገሩ ደኻ ነው፣ ሦስተኛው ሽቦ ውድ ነው» የሚለውን ልመልስ። ውድ ነው፤ እውነት ነው። ዱቄቱ ስለሚበዛበት ልባሱ ደረቅ ይላል፤ በደንብ ካልተሠራ ይሰነጠቃል፣ እርጥበትም ይስባል። ስለዚህ ነገ ጠዋት በመላ አገሪቱ ይቀየር የሚል ሞኝ አይደለሁም። የምለው በተራ በተራ ነው።

አንደኛ፣ እንደ ጧፍ የሚነደው ሽቦ ከነገ ጀምሮ ከገበያ ይውጣ። ይኼ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክብሪትና ቅን ልብ ያለው ተቆጣጣሪ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ደኅናው ፒቪሲ ቢያንስ እርሳስና የተከለከሉት ኬሚካሎች የሌሉበት መሆኑ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በጥቅሉ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ማደሪያ፣ በገበያ ማዕከል፣ በመናኸሪያ፣ የራሱን ውሃ የያዘው ሽቦ ግዴታ ይሁን። አራተኛ፣ ለሣር ቤት መብራት ሲገባ በሣሩ ውስጥ ለሚያልፉት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ይኼው ሽቦ በቱቦ ውስጥ ይሰጥ፤ ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ይኑር። አምስተኛ፣ አገር ውስጥ ያሉት የኬብል ፋብሪካዎች ይኼን ልባስ እንዲሠሩ ለዱቄቱ የቀረጥ ማበረታቻ ይታሰብ። ስድስተኛ፣ ከእንግዲህ «ኮንታክት» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ መርማሪ ሦስት ነገር ይጨምር፤ የሽቦውን ዓይነት፣ የአምራቹን ስምና ያስገባውን ነጋዴ። ያኔ ያ ሰውዬ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይታወቃል።

ከጉንችሬ ከመመለሴ በፊት የአክስቴ ልጅና እኔ የአጎቴን ሽቦ አወረድን። ቃጫውን ፈታን፣ ከኪሳችን አውጥተን ደኅናውን ሽቦ በቱቦ አስገብተን ዘረጋን፣ ምጣዱንም ለብቻው ከሣሩ አራቅነው። አጎቴ እያዩን «ለኔስ እናንተ መጣችሁ። ለጎረቤቴ ማን ይመጣለታል?» አሉ። በጀፎረው ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ጎጆዎች አየሁ፤ በየበሩ አናት አንድ ሽቦ ይገባል።

እኛ ደመራ ሲነድ ምሰሶው ወደየት እንደወደቀ አይተን ዓመቱ ምን እንደሚሆን የምንመራመር ሕዝብ ነን። የሣር ቤታችን ደመራ እስኪሆን መጠበቅ የለብንም። ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ዛሬም ይታያል፤ ማየት ለሚፈልግ።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ያሰማን።